ለመሙያ ቀን የማይበቃው ከረጢት፦ የሂሊየም መሰብሰቢያችን ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከላቦራቶሪያችን ኮርኒስ ሥር የተሰቀለው የጋዝ ከረጢት ጢም ብሎ ሲሞላ የማስተንፈሻው ቫልቭ ይከፈታል፤ ሂሊየሙም በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። አንዴ ከወጣ አይመለስም። በጣም ቀላል ስለሆነ የምድር ስበት ይዞ አያስቀረውም፣ ውሎ አድሮ ወደ ሕዋ ያመልጣል። ሂሊየም እንዳይባክን ብለን የገዛነው መሣሪያ፣ ሂሊየም በብዛት በሚመጣበት ቀን በሩን ከፍቶ ይለቀዋል!

የምሠራው ቴክሳስ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ፣ በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የኤን ኤም አር (ሞለኪውሎችን በኃይለኛ ማግኔት የምንመረምርበት ዘዴ) ላቦራቶሪ ነው። የማግኔቶቻችን ሽቦ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያሳልፈው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ሲነከር ነው። ፈሳሹ ግን ሌትና ቀን ይተናል። የሚተነውን ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ መልሶ ፈሳሽ የሚያደርግ መሣሪያ ከተከልን ወራት አልፈዋል። ማጣሪያው ይሠራል፣ ማቀዝቀዣውም ይሠራል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ይጮኻል እንጂ ሥራውን አላጓደለም። ስለ እነርሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የሽያጭ ባለሙያው ሊያሳምነን ሲመጣ በትልልቅ ፊደል ያሳየን ከሚተነው ሂሊየም ከ95 በመቶ በላይ ይመለሳል የሚለውን ነበር። በየትኛው ቀን? በተለመደው ቀን፣ እሺ፣ እውነቱን ነው። ከአንድ ማግኔት በቀን ከግማሽ ሊትር ያነሰ ፈሳሽ ይተናል፤ ጋዝ ሲሆን 300 ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። ይህን ማንኛውም ከረጢት ይቀበላል። ማግኔት ግን መሞላት አለበት፤ ሲሞላ ደግሞ ፈሳሹ የሚያልፍበት ቱቦ አስቀድሞ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። የሚያቀዘቅዘው ራሱ ሂሊየሙ ነው፤ ቱቦውን ሲያቀዘቅዝ ይተናል፣ ማግኔቱ ውስጥ ሲገባም ከፊሉ ይተናል። በዚህ መንገድ 15 ሊትር ቢተን፣ አንዱ ሊትር ወደ 750 ሊትር ጋዝ ስለሚለወጥ፣ ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ በአጭር ጊዜ ይጎርፋል። የእኛ ከረጢት 5 ሜትር ኩብ ነው የሚይዘው። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ እስኪያስገባው የተረፈው ወደ ሰማይ ይሄዳል። በማንኪያ ሰብስቦ በጭልፋ መድፋት ማለት ይኸው ነው።

ለሽያጭ ባለሙያው ደወልኩለት። «ኮምፕሬሰሩ ይደርስበታል» አለኝ። አይደርስበትም፤ የጋዝ ቆጣሪው ፊት ቆሜ አይቻለሁ። «እንግዲያው ዝግ ብላችሁ ሙሉ» አለ። አሞላሉ በጣም ሲዘገይ ቱቦው ከክፍሉ ሙቀት እየሳበ የሚተነውን ይጨምረዋል፤ ይህን እኔ ለእርሱ ማስረዳት ነበረብኝ? በመጨረሻ «ሁለተኛ ከረጢት ግዙ» አለና ዋጋውን ወዲያው ላከ። የመሙያ መዝገባችንን ከውሉ በፊት ጠይቆ ወስዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ግማሽ ገጽ የማይሞላ ማባዛትና መቀነስ ነው፤ ያን ሠርቶ ቢያሳየን ኖሮ ትልቁን ከረጢት ያኔውኑ በአንድ ላይ እንገዛ ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ጥቂት ጋዝ ቢያመልጥ ምን ይሆናል ይሉኛል፤ ቴክሳስ ውስጥ ሆኖ ስለ ሂሊየም መጨነቅ ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። እዚሁ ቴክሳስ አማሪሎ ከተማ አጠገብ የነበረው የፌዴራል መንግሥት የሂሊየም ክምችት እኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ለግል ኩባንያ ተሽጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎረቤቶቿ ኳታር ላይ ድንበር ሲዘጉ የሂሊየም ፋብሪካዎቿ ሥራ አቁመው ነበር። ዩራኒየምና ቶሪየም ከመሬት በታች በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ያጠራቀሙትን ጋዝ፣ ከረጢት ጠበበን ብዬ የምለቅበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም አቅርቦት ሲያጥር ሳይሞላ የሚቀር ማግኔት መጨረሻው መሞቅ ነው፤ ሲሞቅ የቀረውን ሂሊየም ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተፍቶ ይጠፋል፣ የተማሪዎቹም ሥራ ይቆማል።

አሁን ከመሙያው ቀን ዋዜማ ኮምፕሬሰሩን በእጅ አስነስተን ከረጢቱን እናራግፋለን፤ ሁለት ማግኔት በአንድ ቀን መሙላትም ትተናል። የሚያመልጠው ቀንሷል፣ አልቆመም።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ መሣሪያው አስፈላጊ ነው፣ ግዙ። ነገር ግን መቶኛውን እርሱትና በመሙያ ቀን በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ጋዝ ሳይለቅ እንደሚቀበል ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ። ሻጩ ያን ቁጥር ለመጻፍ ካንገራገረ አትፈርሙ። የእኛ የሁለተኛ ከረጢት ጥያቄ ግዢ ክፍል ተቀምጧል፤ ተፈቅዶ እስኪሰቀል ድረስ ከአምስት ኮከብ ከሁለት በላይ አልሰጥም።