የባኽ የቼሎ ስዊቶች፦ የማንን ቀረጻ ልስማ ለምትሉ

ቁርጡን ከፊት ላስቀምጥ። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ስድስት የቼሎ ስዊቶች በአንድ ቀረጻ ብቻ መያዝ ከፈለጋችሁ ፒየር ፉርኒዬ በ1960 የቀዳውን ያዙ። ሁለተኛ የምትጨምሩ ከሆነ አነር ቢልስማ በ1979 የቀዳው ይሁን። ፓብሎ ካሳልስን ከውድድሩ አውጥቼዋለሁ፤ እሱን ሁሉም ሰው መስማት አለበት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። የሩሲያዊውን ቼሊስት የሮስትሮፖቪችን ዝነኛ ቀረጻ ግን በእሱ አትጀምሩ። ይሄ አባባሌ ብዙ ሰው እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙዚቃውን ለማያውቅ ባጭሩ ይህን ልበል። ቼሎ የቫዮሊን ዘር የሆነ፣ ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው፤ ስዊት ደግሞ ተከታትለው የሚጫወቱ አጫጭር ሙዚቃዎች ስብስብ ነው። ስዊቶቹን ባኽ የጻፋቸው በ1720 አካባቢ፣ ኮተን በምትባል የጀርመን ከተማ የልዑል ሊዮፖልድ የሙዚቃ አለቃ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። እያንዳንዱ ስዊት በፕሪሉድ (በመግቢያ ሙዚቃ) ይከፈትና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዳንስ ሙዚቃ ነው፦ አለማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ቀጥሎ ሚኒዌት ወይም ቡሬ ወይም ጋቮት፣ መዝጊያው ላይ ጂግ። ኦርኬስትራ የለም፣ ፒያኖ የለም፣ አጃቢ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው ቼሎውን ታቅፎ ይቀመጣል፣ በቃ። በአንዲት ጭራና በአንድ ደጋን ስንት ነገር እንደሚወራ ከመሰንቆ የምናውቅ ሰዎች ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ አይደለንም።

ታዲያ ኖታው አንድ ከሆነ የማንስ ብንሰማ ምን ለውጥ አለው? ብዙ ለውጥ አለው። ባኽ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ጠፍቷል። ዛሬ ቼሊስቶች በዋናነት የሚመለከቱት ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችውን ነው፤ በእሷ ቅጂ ላይ ደግሞ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር በአንድ የደጋን ምት እንደሚያያዝ የሚያሳዩት መስመሮች ግልጽ አይደሉም፣ አንዱ እዚህ ይጀምራል፣ ሌላው የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ምን ያህል ይፍጠን፣ የት ይጩህ፣ የት ዝቅ ይበል የሚለው ነገርም ከሞላ ጎደል አልተጻፈም። ስለዚህ ቼሊስቱ ኖታውን ከፍቶ ሲቀመጥ ግማሹን ነገር መወሰን ያለበት ራሱ ነው። ቀረጻ ስትመርጡ የምትመርጡት ይህን ውሳኔ ነው።

የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ዳንሱ ይሰማል ወይ? ሰው ይነሳና ይጨፍርበት ማለቴ አይደለም። ግን ኩራንት የሚሮጥ ነገር ነው፣ ጂግ የሚዘል ነገር ነው፣ ሳራባንድ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚራመድና ሁለተኛው ምት ላይ ደገፍ የሚል ነገር ነው። ይህ እርምጃ ከጠፋ ሙዚቃው ወደ ረጅም ጸሎት ይለወጣል፣ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ የሚዘልቅ ስለሆነም ሰው ይሰለቻል። «ክላሲክ ይከብዳል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ከብዶ ሳይሆን አጨዋወቱ ከብዶ ነው።

አሁን ካሳልስ። ካታላን ነው፣ የተወለደው በ1876። እሱ ራሱ እንደተረከው የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ባርሴሎና ወደብ አካባቢ ያለ አሮጌ ኖታ የሚሸጥ ሱቅ ገብተው የስዊቶቹን ኖታ አገኘ። ያኔ ስዊቶቹ የመለማመጃ ጽሑፍ ያህል ነበር የሚታዩት፣ ሙሉውን መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። ካሳልስ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከተለማመደ በኋላ ነው በሕዝብ ፊት ለመጫወት የደፈረው። ሙሉውን በሸክላ የቀዳው ከ1936 እስከ 1939 ድረስ ለንደንና ፓሪስ ሲሆን፣ በእነዚያው ዓመታት አገሩ ስፔን በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ነበር። የጦር መሪው ፍራንኮ ካሸነፈ በኋላ ኑሮውን በስደት አደረገ።

ድምፁ አሮጌ ነው፣ ይንሿሿል። አንዳንድ ቦታ ጣቱ ይስታል፣ ደጋኑ ይፍገመገማል። ግን ምት አያመልጠውም! ቡሬውን ሲጫወት እግሩን መሬት ላይ የሚመታ ገበሬ ይታያችኋል፤ የስድስተኛውን ስዊት ፕሪሉድ ሲጫወት ደግሞ የሚያስጨንቅ ከፍታ ላይ ወጥቶ አልወርድም ይላል። ከእሱ በኋላ የመጣ ቼሊስት ሁሉ ወይ ይከተለዋል ወይ ይሸሸዋል፣ ችላ ያለው የለም። አንድ ምክር ብቻ፦ ይህ ቀረጻ በብዙ ሰው እጅ ተጸድቶ ታትሟል፣ ኢንተርኔት ላይም ሞልቷል። ጩኸቱን ሙልጭ አድርገው ያጠቡትን አትውሰዱ። ጩኸቱ ሲጠፋ ደጋኑ ክሩን ሲይዝ የሚሰማው ሻካራ ድምፅም አብሮ ይጠፋል፣ ቼሎው በትራስ የታፈነ ይመስላል። ትንሽ የሚንሿሿውን ምረጡ።

ፉርኒዬ ግን በየቀኑ የሚሰማ ነው። ፈረንሳዊ ነው፣ በ1906 ፓሪስ ተወለደ። ልጅ ሳለ ፒያኖ ነበር የሚማረው፣ ፖሊዮ እግሩን ሲጎዳው ፔዳሉን መርገጥ ስላቃተው ወደ ቼሎ ዞረ። «የቼሊስቶች መኳንንት» ይሉታል፣ ሲሰሙት ለምን እንደሆነ ይገባል። አይቸኩልም፣ አይጎትትም፣ ራሱን ለማሳየት አይጮህም። የደጋን እጁ ለስላሳ ነው፣ ድምፁ ግን ለስላሳ ብቻ አይደለም፤ ከስር የሚገፋ ነገር አለው።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። የአንደኛውን ስዊት ፕሪሉድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ባታውቁትም ማስታወቂያና ፊልም ላይ ሰምታችሁታል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። እኩል እኩል እያለ ሲፈስ ቆይቶ መሃሉን ትንሽ እንዳለፈ አንድ ድምፅ ላይ ይቆማል። ብዙ ቼሊስት እዚህ ቦታ ላይ ይተክዛል፣ ድምፁን ያሳድጋል፣ «ተመልከቱኝ» ይላል። ፉርኒዬ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቆም ይልና ይቀጥላል። ከዚያ መጨረሻው አካባቢ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ እየረገጠ ወደ ላይ ሲወጣ ኃይሉን ያን ጊዜ ያመጣዋል፣ የመጨረሻው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ሲመጣ መድረሻ ይመስላል። መሃል ላይ ያልባከነው ነገር ነው መጨረሻውን ያሳመረው። ስድስቱንም ስዊቶች የሚጫወተው እንደዚህ ነው፣ ለዚህ ነው የማይሰለቸው። ቀረጻውም ንጹህ ስቴሪዮ ስለሆነ ዕድሜው አይታወቅበትም።

ቢልስማ ሌላ ዓለም ነው። ሆላንዳዊ ነው፣ በ1979 የቀዳው በባሮክ ቼሎ (በባኽ ዘመን ዓይነት ቼሎ)፣ ከአንጀት በተሠራ ክር ነው። የአንጀት ክር እንደ ብረት ክር አይጮህም፤ ድምፁ ጠቆር፣ ሻከር ይላል፣ ቶሎም ይሞታል። ቢልስማ ይህን ተጠቅሞ አይዘፍንም፣ ያወራል። አጫጭር ሐረግ ይናገራል፣ ያቆማል፣ ራሱ ይመልሳል። ስድስተኛው ስዊት የተጻፈው አምስት ክር ላለው መሣሪያ ስለሆነ በተራው ቼሎ ሲጫወቱት ጣት በጣም ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ጭንቀቱም ይሰማል። ቢልስማ ግን አምስት ክር ባለው ትንሽ ቼሎ ስለተጫወተው ያ ሁሉ ተራራ ሜዳ ሆነ። ጋቮቱን ስሙት። በ1992 ደግሞ አሜሪካ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ያለውን፣ ዝነኛው መሣሪያ ሠሪ ስትራዲቫሪ በ1701 የሠራውን ቼሎ ተውሶ እንደገና ቀድቷል፣ ድምፁ ትልቅና ሀብታም ነው፣ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ወሬው እዚያ ይበልጥ ይጥማል።

ያኖሽ ሽታርከር በ1963 እና በ1965 ለመርኩሪ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የቀዳው ትክክለኛነት ለሚወድ ሰው ነው። ማይክሮፎኑ ቅርብ ነው፣ አንዲት ድምፅ አትዛነፍም። ቼሎ የምትማሩ ከሆነ ከእሱ ጋር ኖታውን ይዛችሁ ተቀመጡ። እኔ አከብረዋለሁ እንጂ ብዙ አልናፍቀውም።

ሮስትሮፖቪች ላይ ልመለስ። የበርሊን ግንብ በፈረሰ ጊዜ፣ ኅዳር 1989፣ ከፓሪስ በርሮ ሄዶ ግንቡ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ባኽን የተጫወተው ሰው ነው። ሰውየው ታላቅ ነው፣ ክርክር የለውም። ስድስቱን ስዊቶች በሙሉ የቀዳው በ1991 ፈረንሳይ ቬዝሌ በምትባል ቦታ፣ የጥንት ባዚሊካ ውስጥ ሲሆን በ1995 ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ቶሎ አያልቅም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ዝግ ያለ ሙዚቃ ላይ ያምራል፣ ኩራንቱና ጂጉ ላይ ግን አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ይደርስበትና ዳንሱ ይሰምጣል። በዚያ ላይ ደግሞ እሱ በኃይል ይጫናል። ከፉርኒዬ ቀጥሎ ብትሰሙት ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። በእሱ የጀመረ ሰው ስዊቶቹን ሐውልት ብቻ አድርጎ ነው የሚያስባቸው፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

አሜሪካዊው ቼሊስት ዮ ዮ ማ ስዊቶቹን ሦስት ጊዜ ቀድቷቸዋል። የመጀመሪያው በ1983 የወጣው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ እያለ፣ ለስላሳና ገር ስለሆነ ለጀማሪ ጆሮ አይከብድም። በ1997 የወጣው ከፊልሞች ጋር የተሠራው ነው። በ2018 የወጣው ከሦስቱ የምወደው ነው፣ ነጻ ሆኗል፣ ማረጋገጥ የሚፈልገው ነገር ያለ አይመስልም። ከእሱ የአምስተኛውን ስዊት ሳራባንድ ፈልጉ። ይህ ሙዚቃ አንድም ኮርድ የለውም፣ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ድምፅ ከድምፅ ተራርቆ ይወድቃል፣ ስምምነቱን ጆሯችን ነው የሚሞላው። መስከረም 11 ቀን 2002፣ ኒውዮርክ ላይ ከዓመት በፊት በደረሰው ጥቃት የሞቱት ሰዎች ስም ሲነበብ ዮ ዮ ማ የተጫወተው ይህንኑ ነበር። ምንም ማስጌጫ የሌለው ነገር ለዚያ ቀን ተስማማ።

ስለ መስሚያውም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንሰማው በስልክ ነው። በስልኩ በራሱ ስፒከር እንዳትሰሙ። ፈተናው ቀላል ነው፦ የሦስተኛውን ስዊት ፕሪሉድ መጀመሪያ ክፈቱ። ከላይኛው ዶ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይወርድና የቼሎው ወፍራሙ ክር ላይ ያርፋል። ያ ድምፅ በሰከንድ 65 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ነው፣ የስልክ ስፒከር እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ማረፊያው ላይ ሙዚቃው ቀጥኖ ይቀራል። ተራ ኢርፎን ስትሰኩ ያው ድምፅ ደረታችሁ ላይ ይመጣል። ውድ ነገር አያስፈልግም። ዳታ እንዳይበላባችሁ ደግሞ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ያዙት፣ ስድስቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፣ በቀን አንድ ስዊት ይበቃል።

ገንዘብ ሳታወጡ ማየትም ለምትፈልጉ፣ የኔዘርላንድስ ባኽ ማኅበር የባኽን ሥራዎች በሙሉ በጥሩ ካሜራና በጥሩ ድምፅ እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይለቃል። ስድስተኛውን ስዊት የሚጫወተው ሰርጌ ማሎቭ ነው። እግሩ መካከል የሚቆም ቼሎ አይደለም የያዘው፤ በማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደረቱ ላይ የሚያሳርፈው፣ አምስት ክር ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ቆሞ ስለሚጫወት ሰውነቱ ከምቱ ጋር ሲሄድ ታያላችሁ፣ ከላይ ስለ ዳንስ ያልኩትም በዓይን ይታያል። ጂጉን ሳትሰሙ እንዳትዘጉት።