ለቤት የሚገዛ ጉንዳን፦ ጥቁሩ የጓሮ ጉንዳን ይሻላል ወይስ የኦክ ፍሬ ቁጫጭ?

አውሮፓ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ "ጉንዳን እናርባ" ብለው ከያዟችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

ላሲየስ ኒጀር ጥቁሩ የጓሮ ጉንዳን ነው። ሠራተኞቹ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሆናሉ። ቻይ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ብዙውን ጊዜ የምትገዙት አንዲት ንግሥት ውሃና ጥጥ ባለው ቱቦ ውስጥ ሆና ነው። የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪፈለፈሉ ምንም አትበላም፤ ክንፏን ከጣለች በኋላ የማያስፈልጋትን የክንፍ ጡንቻ ከሰውነቷ እያሟሟች እጮቿን የምትመግበው እሷው ናት። ስለዚህ ጨለማ ቦታ አስቀምጧት፣ በየሰዓቱ እየከፈታችሁ አታስጨንቋት። አንድ ነገር ግን አስቡበት፤ ሰው ቤት ወደ 29 ዓመት የኖረች ንግሥት ተመዝግባለች። ቤተሰቡም በሺዎች ስለሚቆጠር የጉንዳኖቹን ቤት እያሰፋችሁ መሄድ ግድ ነው።

ቴምኖቶራክስ ኒላንደሪ፣ ማለትም የኦክ ፍሬ ቁጫጯ፣ ሌላ ዓለም ናት። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ናት፤ ጫካ ውስጥ መላው ቤተሰብ በአንዲት የኦክ ፍሬ ውስጥ ተጠቃሎ ይኖራል። እናንተ ጋ ደግሞ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ይበቃታል፣ ንግሥቲቱንም እጮቹንም በአንድ እይታ ታያላችሁ። እኔን የሚማርከኝ አመራሯ ነው። ምግብ ያገኘችው ሠራተኛ አንዲት ጓደኛዋን ብቻ አስከትላ ትሄዳለች፣ ተከታይዋ በአንቴናዋ ከኋላ መታ መታ ታደርጋታለች፣ ወደኋላ ከቀረች መሪዋ ቆማ ትጠብቃታለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቅርብ ዘመዷ ላይ አይተው "ማስተማር ነው" ብለውታል። ጉዳቷ፣ በጣም ትንሽ ስለሆነች በማንኛውም ቀዳዳ ታመልጣለች፤ እድገቷም ቀርፋፋ ነው፣ ቶሎ ብዙ ጉንዳን ማየት የሚፈልግ ልጅ ይሰለቻል።

ምግብ ላይ ብዙም አይለያዩም፤ ማር ወይም ስኳር ውሃ፣ ከዚያ ትናንሽ ዝንቦች። ሁለቱም ግን በብርዱ ወራት ቀዝቃዛ ቦታ ማረፍ አለባቸው። ፍሪጅ ውስጥ ቦታ የማትሰጧቸው ከሆነ፣ እባካችሁ አንዱንም አትግዙ።

ስትገዙ የአካባቢያችሁን ዝርያ ምረጡ። ንግሥቲቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ንግሥት የሌላቸው ሠራተኞች ተተኪ ስለማይኖራቸው ቀስ በቀስ ያልቃሉ።