የ2010 ማክ ፕሮ የሃርድ ዲስክ ክፍሎች ግምገማ

አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን ማክ ፕሮ ያገለገለ ገዝቼ ለሠርግ ቪዲዮ ቅንብር ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ስክሪን ካርዱ ብዙ ስለተባለ፣ እዚህ የምገመግመው በውስጡ ያሉትን አራት የሃርድ ዲስክ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ማሽኑን ያስመረጡኝም እነሱ ናቸው።

ዲስክ መግጠሙ ሥራ አይባልም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከኋላው ያለው ማንሻ ወደ ላይ ሲነሣ የጎኑ ክዳን ይላቀቃል፤ አራቱ የዲስክ መያዣዎችም ተደርድረው ይታያሉ። መያዣውን ስቦ ማውጣት፣ ባለ 3.5 ኢንቹን ዲስክ በአራት ብሎኖች ማሰርና እስኪገጥም ድረስ መልሶ መግፋት ብቻ ነው። ሶኬቱ ማሽኑ ውስጥ ቦታውን ይዞ ስለተቀመጠ ዲስኩ ሲገባ ራሱ ይሰካል፤ የኃይልም ሆነ የዳታ ኬብል መጎተት የለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ማንሻውን መልሼ ከተጫንኩ በኋላ መያዣውን ለማውጣት ብዙ ታግያለሁ። ማንሻው ወደ ታች ሲሆን ዲስኮቹን እንደሚቆልፋቸው የተረዳሁት መመሪያውን ካነበብኩ በኋላ ነበር።

ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የብሎን ቀዳዳውን ነው። 6 ቴራባይትና ከዚያ በላይ የሚይዙ ብዙ ዲስኮች ከሥራቸው ያለው የቀዳዳ አቀማመጥ ስለተለወጠ ከመያዣው ቀዳዳዎች ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ከመክፈል በፊት ዲስኩን ገልብጦ ማየት ይበጃል።

ዲስኮቹን የሚያጣምረው ዲስክ ዩቲሊቲ የተባለው የሲስተሙ ፕሮግራም ነው። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የማሠራቱ ዘዴ ሬይድ ይባላል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 0 ሲጣመሩ 8 ቴራባይት ቦታና የተሻለ ፍጥነት ይሰጣሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ ግን ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በሬይድ 1 ቦታው 4 ቴራባይት ብቻ ቢሆንም፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ቅጂ ይዞ ይቀጥላል። የሙሽሮች ቀን ተደግሞ አይቀረጽምና እኔ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦታ ለሬይድ 1 ሰጥቻለሁ። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ስለሚሰረዝ ግን፣ አራተኛው ቦታ ላይ ለታይም ማሽን (ለማኩ የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም) የሚሆን ለብቻው ዲስክ አስቀምጫለሁ። ሬይድ 5 የተባለውን ሌላ ዓይነት ጥምረት ዲስክ ዩቲሊቲ ስለማይሠራው፣ የሚፈልገው ሰው ለብቻው ይሸጥ የነበረውን የሬይድ ካርድ ወይም ሌላ ፕሮግራም መጨመር ግድ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የማክ ሲስተም፣ ኤል ካፒታን፣ ሬይድን ከዲስክ ዩቲሊቲ አውጥቶት ስለነበር፣ እሱን የጫነ ሰው በተርሚናል ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት፤ በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሲየራ ተመልሷል።

የክፍሎቹ ድክመት ፍጥነታቸው ነው። ዲስኮቹን ከማሽኑ የሚያገናኘው የሳታ መስመር በሰከንድ 3 ጊጋቢት ብቻ ስለሚያስተላልፍ፣ ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቢተርፍም ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሠራበታል። ኤስኤስዲውን በፒሲአይ ኤክስፕረስ (በማሽኑ የካርድ ማስገቢያ) ካርድ ገጥሞ አራቱን ቦታዎች ለትልልቅ ሃርድ ዲስኮች መተው ይሻላል።