ሞተር ሲነሳ ለሚጨፍር ሚዛን የትኛው ኬብል ይሻላል?

ሞተሩ ጠፍቶ ሚዛኑ 240 ኪሎ ላይ ጸጥ ይላል። ሞተሩ ሲነሳ 236፣ 245፣ 239 እያለ ይጨፍራል። የመኖ ማደባለቂያ ላይ ይሄ ገጥሞኝ ደህናውን ሎድ ሴል (ክብደትን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረውን ሴንሰር) አውጥቼ በአዲስ ቀየርኩት። ወይ ፍንክች! ለካ የሲግናሉ ሽቦ ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ ነው የተጎተተው።

500 ኪሎ የሚችል፣ በቮልት 2 ሚሊቮልት የሚሰጥ ሎድ ሴል 5 ቮልት ሲመገብ ሙሉ ጭነት ላይ የሚያወጣው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው። 1 ኪሎ ማለት እንግዲህ 20 ማይክሮቮልት። የሞተር ኬብል ጎኗ ተኝቶ ይቺ ጠብታ በሰላም ትደርሳለች ማለት ዘበት ነው።

ተራው ትይዩ ሽቦ ለሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ ለሚነካው ማብሪያ ማጥፊያ) ይበቃል፣ ለሚሊቮልት ግን አትግዙት።

ለዋጋው የኔትወርክ ኬብልን የሚያህል የለም። ጥንድ ጥንዱን ስለተጠማዘዘ የሞተሩ ማግኔት ሁለቱንም ሽቦ እኩል ይነካቸዋል፣ ሲግናሉን የሚያነበው ካርድ ደግሞ በዲፈረንሻል (ፕላሱም ማይነሱም የየራሳቸው መግቢያ ኖሯቸው) ከታሰረ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ ረብሻው በአብዛኛው ይጣፋል። (ካርተኑ ላይ 16 ቻናል ያለው ካርድ በዲፈረንሻል ብዙ ጊዜ 8 ነው የሚሆነው፣ ስትገዙ እንዳትሸወዱ።) የሲግናሉ ፕላስና ማይነስ ግን በአንድ ጥንድ ይሂዱ፤ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው ጋር። አንዱን ከአረንጓዴ ሌላውን ከብርቱካናማ ወስዶ የሚያስር ሰው አይቻለሁ፣ ያኔ መጠማዘዙ ለምንም አልጠቀመ። ሱቅ ውስጥ ጫፉን በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የለበሰ አልሙኒየም ነውና ተዉት።

ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ልባስ) ካላቸው ኬብሎች ፎይሉ ዙሪያውን ሙሉ ይሸፍናል፣ ረከስ ይላል፣ አብሮት ያለው ባዶ ሽቦም ለማሰር ይመቻል፤ ሲተጣጠፍ ግን ይቀደዳል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ክፍተት ቢኖረውም መተጣጠፍ ይችላል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ግድግዳ ላይ ለሚቀር እኔ የተጠማዘዘ ባለ ፎይሉን ነው የምገዛው፣ ለሚንቀሳቀስ ማሽን ጉንጉኑን። ሺልዱን በካርዱ በኩል ብቻ ኧርዝ አድርጉት፣ የሴንሰሩን ጫፍ በናስትሮ ጠቅልሉት። ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ በሁለቱ ኧርዞች ልዩነት የተነሳ ሺልዱ ውስጥ ከረንት ይዞራል፣ በገንዘባችሁ ረብሻ ገዛችሁ ማለት ነው።

ርቀቱ 50 ሜትር ከገባ ኬብል ማማረጡን ትቼ ሎድ ሴሉ አጠገብ ሲግናሉን ወደ 4–20 ሚሊአምፒር የሚቀይር ትራንስሚተር አስቀምጣለሁ። ይወደዳል። ግን ከረንት በቀላሉ አይረበሽም፣ ሽቦው ሲበጠስም ንባቡ 0 ስለሚሆን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሎድ ሴሉን ፈትታችሁ ካርዱ አጠገብ በአጭር ሽቦ አገናኙትና ሞተሩን አስነሱ። አሁንም ከጨፈረ ኬብሉ ጥፋት የለበትም፤ ፓወር ሳፕላዩን ጠርጥሩ።