በወለድ ብድር ወይስ በሙራባሃ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የኪራይ ቤት ለሚገዙ

አከራይቶ ገቢ ለማግኘት ቤት የሚፈልግ ሰው፣ ጥሪቱ ካልሞላለት ከሁለት የባንክ መንገዶች አንዱን መምረጡ አይቀርም።

በወለድ ብድር፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሚታሰብ ቀድሞ የሚከፍል ሰው ይጠቀማል፤ ውሉ ከፈቀደ ግን ባንኩ የወለድ መጣኔውን ሊጨምር ይችላል።

ከወለድ ነፃ በሆነው የሙራባሃ አሠራር፣ ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው በዱቤ ስለሚሸጥለት፣ ጠቅላላ ዋጋው ከፊርማ በኋላ አይጨምርም፤ ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ ማድረግ ግን በአብዛኛው የባንኩ ፈቃድ ነው። ቤቱን አስቀድሞ በስሙ የገዛ ሰው በዚህ መንገድ ለመስተናገድ ይቸገራል።

ስጋቱ ያው ነው፤ ቤቱ በመያዣነት ይቆያል፣ ተከራይ ሲጠፋም ክፍያው አይቆምም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ስለማያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ ስለማይበልጥ፣ ያደገን ወለድ በኪራይ ጭማሪ እሸፍናለሁ ማለት በእኔ ግምት የማያዛልቅ ስሌት ነው።

ስለዚህ ሌላ ገቢ ኖሮት ዕዳውን ቶሎ ለመዝጋት ላሰበ የወለዱ ብድር ይቀለዋል፤ ኪራዩን ብቻ ተማምኖ ለረጅም ዓመታት ለሚከፍል፣ እንዲሁም በእምነቱ ወለድ ለማይነካ (በወሎ ይህ ጥቂት ሰው አይደለም) ሙራባሃ ይስማማዋል።