የድመት መቧጨሪያ ንጽጽር፦ ባሕር ዳር ላይ የትኛው ያዋጣል?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የተበላሸውን ዕቃ ይዩ። የሶፋው እጅ መደገፊያ ከላይ ወደ ታች ተተልትሎ ከሆነ ድመቷ የምትፈልገው ቋሚ ግንድ ነው። የተጎዳው ስጋጃው ወይም የበር ምንጣፉ ከሆነ ደግሞ ወለል ላይ የሚቀመጥ። ይህን ሳያዩ የገዙት ጥግ ይዞ ይቀራል።

ድመት የምትቧጭረው ያረጀው የጥፍሯ ሽፋን እንዲወልቅ፣ ከእንቅልፍ ስትነሣ ሰውነቷን ለማፍታታት፣ ከመዳፏ በሚወጣ ሽታም ቦታው የእሷ መሆኑን ለማሳወቅ ነው። በዱላ የሚተው አመል አይደለም፤ ከመቷት እርስዎ በሌሉበት ጠብቃ ትቧጭራለች።

በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ ግንድ። ቆማ ለምትቧጭር ድመት ከዚህ የተሻለ የለም። ለአናጢ ሲያዙ ልኩን ራስዎ ይስጡ፦ ቅርፊቱ የተላጠ፣ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ ከ80 እስከ 90 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ደረቅ የባሕር ዛፍ ግንድ፤ መቆሚያው 50 በ50 ሳ.ሜ. የሆነ ከባድ ጣውላ። ቁመቱ ካጠረ ሙሉ ሰውነቷን መዘርጋት ስለማትችል ወደ ሶፋው ትመለሳለች። 70 ሳ.ሜ. የሚሆነውን ክፍል ለመሸፈን 8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ገመድ 30 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ለመቋጠሪያው ሁለት ሜትር ይጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። እርጥብ ግንድ ሲደርቅ ይኮማተርና ገመዱ ላልቶ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከሥር በምስማር ብቻ የተመታ ግንድም ውሎ አድሮ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ የወደቀባትን ድመት መልሶ ማለማመድ ከባድ ስለሆነ በብሎን ይታሰር። ናይለን ገመድ ጥፍር ስለሚያሟልጭ ርካሽ ቢሆንም አይግዙት።

ከውጭ የሚገባው፣ ምንጣፍ የለበሰው። ያምራል፤ ግን ከ40 እስከ 50 ሳ.ሜ. የሆነው ለግልገል እንጂ ላደገች ድመት አይበቃም። ሱቅ ውስጥ ጫፉን በእጅዎ ገፋ ያድርጉት፤ ከተነቃነቀ ይተዉት። ቤትዎ ስጋጃ ካለ ደግሞ ምንጣፍ መቧጨርን ያለማምዳታል።

ካርቶን። ወለል ላይ ለምትቧጭር ድመት በጣም ርካሹ ነው፤ ባዶ ካርቶን ከየሱቁ ይገኛል። በ6 ሳ.ሜ. ወርድ ቆራርጠው፣ የሞገዱ ቀዳዳ ወደ ላይ እንዲሆን ጎን ለጎን በእንጨት ኮላ ያጣብቁና 25 በ50 ሳ.ሜ. በሆነ ዝቅተኛ ሳጥን ውስጥ ጠበቅ አድርገው ያስገቡት። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ይገለብጡታል። ፍርፋሪው መጥረጊያ ይፈልጋል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ ከሆነ፣ እርጥበት ይስብና ይለሰልሳል፤ ያኔ ፊቷን ታዞርበታለች።

ደንገል ወይስ ጆንያ? ጣና ዳር ተቀምጦ ደንገልን አለማሰብ አይቻልም። የደረቀ ደንገል ግን ውስጡ ስፖንጅ መሰል ስለሆነ ጥፍር ሲያርፍበት በቁርጥራጭ ይነሣል። ይልቅ የቡና ቃጫ ጆንያ ሁለት እጥፍ አድርጎ ጣውላ ላይ መወጠር ይሻላል፤ ምስማሩ በጣውላው ጀርባ በኩል ይሁን። የማዳበሪያ ከረጢት ጨርሶ አይሆንም፤ የፕላስቲኩ ክር ጥፍሯን ይይዛል፣ ከዋጠችውም አንጀቷን ሊዘጋ ይችላል።

ምርጫዋ ካልለየልዎት በካርቶን ይጀምሩ፤ አንዱን አንጥፈው፣ ሌላውን ግድግዳ ላይ አጥብቀው አቁመው የቱን እንደምትመርጥ ይዩ።

የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ የሚቀመጠው ከተጎዳው ዕቃ አጠገብ ነው፤ በረንዳ ላይ የተጣለ መቧጨሪያ ማንም አይነካውም። ሶፋውን ሁለት ገጹ በሚጣበቅ ፕላስተር ይሸፍኑ። መቧጨሪያውን ከለመደች በኋላ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እያስጠጉ ወደሚፈልጉት ቦታ ይውሰዱት። በየሁለት ሦስት ሳምንቱም የጥፍሯን ሹል ጫፍ 1 ወይም 2 ሚ.ሜ. ብቻ ይቁረጡ፤ ሮዝ ሆኖ የሚታየው ክፍል ደም ሥር ስላለበት ከተነካ ይደማል፣ ከዚያ ወዲያ እግሯን አትሰጥዎትም።