የካምብሪጅ ነፃ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት በድምፁ ሲመዘን፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

ደሴ ላይ ‹ሼጁል› ያለውን ተማሪ ‹ስኬጁል በል› ብሎ የሚያርም አይጠፋም፤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፊተኛው የእንግሊዝ፣ ኋለኛው የአሜሪካ ነው። ይህን ክርክር ለመቁረጥ የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ይበቃል። ቃሉን ጽፈው ሲፈልጉ ሁለት የድምፅ ማጉያ ምልክቶች ይመጣሉ፣ ለየአገሩ አንድ አንድ። የሚያጫውተው አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይበላም።

‹ቶማቶ›ን እንይ። እኛ በ‹ቶ› እንጀምራለን፤ እንግሊዙም አሜሪካዊውም ግን የሚጀምሩት በ‹ተ› ነው፤ ‹ተማቶ›፣ ‹ተሜይቶ›። ጫናው፣ ማለትም አጉልቶ መጥራቱ፣ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ስላረፈ የመጀመሪያው አናባቢ ይደክማል። መዝገበ ቃላቱ ደካማውን አናባቢ በተገለበጠች የእንግሊዝኛ ‹ኢ› (ə)፣ ጫናውን ከክፍሉ ፊት በቆመች ትንሽ ጭረት ያሳያል። የግዕዙ፣ ማለትም የ‹ተ› ዓይነቱ የመጀመሪያ ፊደል፣ ድምፅ አፋችን ውስጥ ስላለ ይህ ለእኛ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተን ከጆሮ ይልቅ ፊደሉን ማመናችን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያዳምጡ፣ ከዚያ ያንብቡ።

አሜሪካዊው ‹ዋተር› ሲል ‹ተ›ዋ ትላላለች። ምላስ ላንቃን አንዴ ነክታ ትመለሳለች፣ ልክ ‹አራት› ስንል ‹ራ› እንደምትወጣው። ለዚህም ከ‹ቲ› ሥር ትንሽ ምልክት ተቀምጧል። ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን ‹ር› እንግሊዙ ይውጣታል፤ ‹ካር› ‹ካ› ይሆናል። እኛ ሁሉንም ‹ር› ስለምናወጣ በዚህ በኩል የአሜሪካው ይቀለናል። ‹ሞባይል› ላይ ግን የለመድነው የእንግሊዙን ነው፤ አሜሪካዊው ወደ ‹ሞብል› ይጠጋል። አንዱን መርጦ መጽናት ይሻላል።

ትልቁ ጉድለቱ ሁለት አገር ላይ መቆሙ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከእስያ ከመጣ ባለሙያ ጋር የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚሰማውን አነጋገር እዚህ አያገኝም። ዩግሊሽ የተባለው ድረ ገጽ ቃሉ የተነገረበትን የዩቲዩብ ቪዲዮ እየፈለገ ያጫውታል፤ የስኮትላንድና የአውስትራሊያም አለው። የእስያው ግን እዚያም በምርጫው ውስጥ የለም፤ ቪዲዮ ስለሆነም ዋይፋይ ካለበት ቢከፍቱት ይመረጣል።

ሌላው፣ መዝገበ ቃላቱ እርስዎን አያዳምጥም። ‹ስኩል› ፊት ‹እ› ቢጨምሩ የሚነግርዎት የለም። በስልክዎ ድምፅዎን ቀድተው ከእሱ ጋር አከታትለው ያጫውቱ፤ የተጨመረችው ‹እ› ወዲያው ትሰማለች። የመርከቡን ‹ሺፕ› ከበጉ ‹ሺፕ› ለመለየት ደግሞ ማስረዘም ብቻ አይበቃም፤ ለመርከቡ አፍን ላላ አድርገው አናባቢውን በ‹ኢ› እና በ‹እ› መካከል ያውጡት።